ጨው ባሕር ባንዴ ነው የደረቀው ወይስ እየቆራረጠ? ጥያቄዬና የመጡት 21 መልሶች

የመክፈቻ ፖስት

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ። ጥያቄዬ ስለ ጨው ባሕር ነው። ለማታውቁት ከኮንሶ ቁልቁል ወርዳችሁ የወይጦን ወንዝ ይዛችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ ድንበር ስትጠጉ፣ በሐመር ተራሮችና በተልተሌ ደጋ መሀል የተዘረጋው ሜዳ ነው። ድሮ ካርታ ላይ ስቴፋኒ ሐይቅ ይላል፣ በ1888 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሱት ቴሌኪና ፎን ሆህኔል በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ሚስት ስም ስለጠሩት።

ከዓመታት በፊት ለመንገድ ቅየሳ ሥራ ዕቃ ጭነን ስንሄድ ጎማ ፈነዳብን፣ እስኪቀየር ድረስ እኔ ሜዳው ላይ ወጣሁ። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ጠርዝ ጠርዙ ልክ እንደ ድርቆሽ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል፣ ጫማዬ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር በጣቴ ነክቼ ስቀምሰው ጨው ነው። ከዚያ ወደ ዳገቱ ትንሽ ስወጣ፣ ከሜዳው በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ድንጋይ ሥር የቀንድ አውጣ ቅርፊት አገኘሁ፣ አንድ ሁለት ሳይሆን እፍኝ ሙሉ። አንዷን እስካሁን ቤቴ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጫታለሁ። ውሃ በሌለበት ዳገት ላይ የውሃ ቀንድ አውጣ ምን ይሠራል እያልኩ ስንት ዓመት ቆየሁ።

በኋላ ነው ከዚያው ሜዳ ሥር ጭቃ በቧንቧ አውጥተው ከ600,000 ዓመት በላይ የሆነ የአየር ንብረት ታሪክ እንዳነበቡበት የሰማሁት። ያነበብኩት ጽሑፍ ደግሞ ሰሃራም የኛ ስምጥ ሸለቆም ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመት በፊት ድረስ እርጥብ እንደነበሩ፣ ከዚያ ባንዴ እንደደረቁ ይላል። እኔም ባንዴ ነው የደረቀው ብዬ ይዣለሁ። ግን ከጭቃ ዝናብ እንዴት ይነበባል? እውነት ባንዴ ነው? ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ፣ እዚያ ዳር ይኖር የነበረ ሰው ዝናቡ ሲቀርበት ተራ ድርቅ ይሁን የዘመኑ ማብቂያ በምን ያውቅ ነበር?

በሦስት ቀን 21 መልስ መጣ። ረጅሙም አጭሩም አለ፣ ከርዕስ የወጣም አለ፣ መሀል ላይ ጭቅጭቅም ተነስቷል። ዘግይታችሁ ለገባችሁ በተራ ልንገራችሁ።

መልስ 1። ጂኦሎጂ የምትማር ልጅ ናት፣ በትሕትና ነው የጀመረችው። ትልቁ ቁፋሮ በ2007 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ፣ በፈረንጅ 2014 መጨረሻ መሆኑ ነው፣ እንደተካሄደና ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን እንደተቆፈረ ነገረችን። ለምን ሁለት ለሚል፣ ቧንቧው ሲወጣና ሲወርድ በየመገጣጠሚያው የሚጠፋ ጭቃ ስላለ የአንዱን ክፍተት ሌላው ይሞላዋል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ 290 ሜትር ገደማ ነው፣ የታችኛው ጫፍ ዕድሜ ደግሞ 620,000 ዓመት። ከዚያ በፊት በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ 19 ሜትር የሚሆን አጭር ኮር፣ በቧንቧ የወጣ የጭቃ ምሰሶ መሆኑ ነው፣ ተወስዶ ነበር፣ ቦታው እንደሚያዋጣ ያሳየው እሱ ነው። ኮሩ ሸንኮራ በቁመቱ እንደምትሰነጥቁት ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ግማሹ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ግማሹ በኤክስሬይ ስካነር ሥር እያለፈ በየንጣፉ ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ይለካል። ዳያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የውሃ አልጌዎች ቅርፊት፣ የአበባ ብናኝ፣ ኦስትራኮድ የሚባሉ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ የውሃ እንስሳት፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ጣፋጭ ውሃ የሚወድ ዳያቶም አለ፣ ጨዋማ የሚወድም አለ፣ ማን በዝቶ እንደተገኘ አይቶ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ይቻላል።

መልስ 2 ኬሚስትሪ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። የጨው ባሕር ዋናው ምልክት ፖታሲየም መሆኑን ጠቆሙ፣ ፖታሲየም ከፍ ሲል ደረቅ፣ ዝቅ ሲል እርጥብ። ምክንያቱን ሲያስረዱ የሐመር ተራሮች ድንጋይ ፖታሲየም ስላለበት፣ ድርቅ ሲሆን ሣሩና ዛፉ ይጠፋል፣ የተራቆተውን አፈር ጎርፍ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል አሉ። ለእኔ በደንብ ነበር የገባኝ።

መልስ 3 ግን እሳቸውን አልማረም። አሮጌ ማብራሪያ ነው፣ መጀመሪያ እንደዚያ ይታሰብ ነበር፣ በኋላ ሸክላው ራሱ ሲመረመር ዋናው ነገር ሌላ ሆኖ ተገኘ ብሎ ቁጭ አደረገው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ጨዋማና አልካላይን ይሆናል፣ ጎርፍ ያመጣው ሸክላ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ነው፣ በቅጠሎቹ መሀል ያ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይገባና ይቆለፋል፣ ሸክላው ወደ ሌላ ዓይነት ሸክላ ይለወጣል። ስለዚህ ፖታሲየሙ ከተራራ መጣ ብቻ አይባልም፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የተያዘው። መልሱ ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን ለአባት የሚባል አልነበረም። መልስ 4 ላይ ልጅቷ ተመልሳ ይሄንኑ አነሳች፣ ማብራሪያውን ተቀብላ ግን ጋሼ ያሉት አቅጣጫው አልተሳሳተም፣ በሁለቱም መንገድ ፖታሲየም መብዛት ድርቀት ነው ብላ አስታረቀች። ጋሼም ከታች ላይክ አድርገውላታል።

መልስ 5 በድሬዳዋና በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነው። አዋሽ ሄዶ የሚጠፋበት አቤ ሐይቅ ዳር ስላሉት የኖራ ድንጋይ ማማዎች ጻፈ፣ አንዳንዱ ፎቅ ያህል ይቆማል፣ ጠዋት ላይ ከጫፉ እንፋሎት ይወጣል። ያን ማማ ማን ሠራው እያለ ሲያልፍ እንደኖረ፣ አሁን ግን ሐይቁ ማማዎቹን ውጦ በነበረበት ጊዜ ከሥር የሚፈልቀው ፍል ውሃ በውሃው ውስጥ እያጋገረ የሠራው መሆኑን እንዳወቀ ነገረን። የኔ ቀንድ አውጣና የሱ ማማ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፣ ውሃው እዚህ ድረስ ነበር ነው የሚሉት።

መልስ 6 የጻፈው ዲያቆን ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓለም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት ገደማ ስለሆነ 620,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ብሎ በጨዋ ቃል ጠየቀ። ይሄ ጥያቄ ሌላ ቦታ ቢነሳ ስድብ ይከተለው ነበር። መልስ 7 የሰጠችው ላቦራቶሪ የምትሠራ ሴት እሷም አማኝ መሆኗን ተናግራ ስለ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ መለኪያው ብቻ እመልሳለሁ አለች። ካርቦን እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በታች ጭቃው ውስጥ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች አሉ፣ በአመዱ ማዕድን ውስጥ በጊዜ ብዛት የሚጠራቀመውን አርጎን የሚባል ጋዝ ይለካሉ። የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ካየ ስንት ዘመን እንደሆነ የሚለካበት ዘዴ አለ። አንዱ መለኪያ ብቻውን ቢሆን እሷም ትጠራጠር ነበር፣ ግን የተለያዩት መለኪያዎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው ዕድሜው የቆመው። በዚያው ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጨመረችልኝ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከምድር ሥር ጋዝ የሚገባበት ሐይቅ ላይ ትናንት የሞተ ቀንድ አውጣ በካርቦን ሲለካ የጥንት መስሎ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ያቺን ቅርፊት አስለክቼ ባገኘው ቁጥር ቶሎ እንዳልደሰት። ዲያቆኑ አመስግኖ ወጣ።

ከ8 እስከ 10 ያለው ጭቅጭቅ ነው። መልስ 8 የጻፈው ሰው ጭቃችንን ጭነው አሜሪካ ወሰዱት፣ የኛ የሚሆነው መቼ ነው ብሎ ተቆጣ። መልስ 9 ወዲያው አለማወቅ ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት በጥናቱ ካሉት ዋና ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው፣ ሳታነብ አትጩህ አለው፣ ከዚያ ሁለቱም ተሰዳደቡ፣ አልደግመውም። መልስ 10 ሚኒያፖሊስ የምትኖር እህት ናት። ኮሮቹ ተከፍተው የተመዘገቡት እሷ ባለችበት ከተማ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ከዚህ የውይይት ክር ነው የሰማችው። በዚያ ሕንፃ አጠገብ በአውቶቡስ ስንት ክረምት እንዳለፈች፣ ከአገሯ የመጣ ያን ያህል ሜትር ጭቃ በዚያ በር እንደገባ አለማወቋ ውስጧን እንደነካው ጻፈች። እኔ የ8ኛውን ንዴት አልንቀውም። ጭቃው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጡ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ማከማቻ ስለመኖሩ አልሰማሁም። የሚያንገበግበኝ ግን ስለዚህ ነገር በአማርኛ ተጽፎ የማነበው አንድ ገጽ ማጣቴ ነው፣ ክሩን የከፈትኩትም ለዚያ ነው።

መልስ 11 ወሬውን ወደ ጣና ወሰደው፣ ጣናም ደርቆ ያውቃል አለ በአንድ መስመር። መልስ 12 የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ በጣም ተናደደ፣ አባይ የሚወጣበት ጣና እንዴት ይደርቃል፣ ይሄ የሆነ ሰው ፈጠራ ነው አለ። መልስ 13 ሳይቆጣ ዝርዝሩን አስቀመጠለት፣ በዚህ ክር ካነበብኩት ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ሄንሪ ላም የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ የተወሰደው ኮር ከታቹ የተጠቀጠቀ ደረቅ አፈር ነው፣ ከዚያ በላይ የረግረግ ብስባሽ አለ። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ድረስ የጣና መሀሉ የደንገል ረግረግ ነበር ማለት ነው፣ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል። ከዚያ ውሃው መሙላት ሲጀምር መውጫ ስላልነበረው ትንሽ ጨው ጨው አለ፣ ጨው የሚወዱት ዳያቶሞች ይመሰክራሉ፣ ከ14,750 ዓመት በፊት ግን ሞልቶ ወደ አባይ ፈሰሰ፣ ውሃውም ጣፋጭ ሆነ። የባሕር ዳሩ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ የራሱን መልስ ኤዲት አድርጎ፣ አያቱ ታንኳ ይሠሩ እንደነበር፣ ደንገሉ ሐይቁ መሀል በቅሎ በዓይነ ሕሊናው እንደታየው ጻፈ።

14 እና 15 ከርዕስ ወጥተዋል ልል ነበር፣ ግን አልወጡም። አንዱ ስለ ሐረማያ አነሳ፣ በልጅነቱ ጀልባ ያየበት ሐይቅ በኛ ዕድሜ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይቷል፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ ተስቦ፣ ለከተማ ተወስዶ፣ ደለል ገብቶበት ነው፣ በኋላ ውሃ ቢመለስም። ሌላው አብያታን ጠቀሰ፣ የሶዳ አሽ ማምረቻውና ከላይ ያለው መስኖ ሐይቁን ምን ያህል እንዳሸሸው። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሺህ ዓመት በኋላ የኛን ጭቃ የሚቆፍር ሰው ሐረማያ ላይ ድርቅ ነበር ብሎ አይጽፍም ወይ? መልስ 16 ጂኦሎጂ የምትማረው ልጅ ናት፣ ጥያቄው ትክክል ነው አለች። በአንድ ሐይቅ ላይ ተመሥርቶ የአየር ንብረት አይነገርም፣ ወንዝ አቅጣጫ ቢቀይር፣ መሬት ቢሰምጥ፣ ሰው ቢጠጣው ሐይቅ ይደርቃል። ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሐይቆች አብረው ሲሞሉና አብረው ሲጎድሉ ነው ምክንያቱ ሰማይ ነው የሚባለው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ በነበረበት ዘመን ጨው ባሕርም ሞልቶ ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር፣ ሰሃራ ውስጥም የቻድ ሐይቅ ባሕር አክሎ ነበር።

መልስ 17 ወደ ዋናው ጥያቄዬ የመለሰን ነው፣ ጀርመን የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ምክንያቱን አስረዱ፦ ምድር ስትሽከረከር ልክ እንደ እንዝርት ጫፏ ይዋልላል፣ በዚያ የተነሳ በ21,000 ዓመት ገደማ አንዴ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ ይበረታል፣ ፀሐዩ ሲበረታ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ ወደ ውስጥ ይገባል። ይሄ ለውጥ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ በሺህ ዓመታት ነው የሚሄደው። ታዲያ ቀርፋፋ ምክንያት እንዴት ፈጣን ድርቀት ያመጣል? እዚህ ላይ ነው ሊቃውንቱ የተለያዩት። በ2000 እ.ኤ.አ. የእነ ፒተር ደሜኖካል ጥናት ከሞሪታኒያ ፊት ለፊት ከባሕር ወለል በወጣ ኮር ላይ የሰሃራ አቧራ ከ5,500 ዓመት ገደማ በፊት በድንገት እንደጨመረ አሳየ፣ እኔ ያነበብኩት ባንዴ የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ እነ ስቴፋን ክሮፐሊን ሰሜን ቻድ ካለው ዮአ ሐይቅ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ዮአ ዙሪያው በረሃ ነው፣ በዓመት 6 ሜትር ውሃ ይተንበታል፣ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ከሥር በሚመጣ የጥንት ውሃ ስለሚተካ አልደረቀም፣ ስለዚህ ጭቃው ሳይቋረጥ ንጣፍ በንጣፍ 6,000 ዓመት ይዞ ቆየ። እዚያ ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ዛፉ ቀንሶ ሣር፣ ሣሩ ቀንሶ የበረሃ ቁጥቋጦ እየሆነ ቀስ ብሎ እንደሄደ ያሳያል። ባሕር ላይ የሚወርድ አቧራና ሐይቅ ዳር የሚበቅል ዛፍ አንድ ነገር ስላልሆኑ ሁለቱንም ሐሰተኛ ማለት አይቻልም።

ጨው ባሕር ደግሞ ሦስተኛ ነገር ተናገረ። እነ ማርቲን ትራውት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ እርጥቡ ዘመን ሊያበቃ ሲል ቢያንስ 14 የድርቅ ጊዜያት ተመላልሰዋል፣ እያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ዓመት የቆየ፣ በመሀላቸው በአማካይ 160 ዓመት ገደማ እያለ። መብራት ሊጠፋ ሲል ብልጭ ድርግም እንደሚለው ማለት ነው። ይደርቃል፣ ተመልሶ ይዘንባል፣ ሰው ተመስገን ይላል፣ ደግሞ ይደርቃል።

መልስ 18 የኔ ነው። ባንዴ ብዬ የያዝኩትን ትቻለሁ። ግን ሰዉስ የት ገባ ብዬ ጨምሬ ጠየቅኩ። መልስ 19 አጭር ነው፣ የዚያን የመጨረሻውን ድርቀት ባይነግረኝም የቀደመውን አመጣልኝ፦ በጨው ባሕር ኮር ላይ በጣም ደረቅ የነበረው ጊዜ የሚገኘው ከ60,000 እስከ 10,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ውስጥ ነው፣ በዚያው ዘመን፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት፣ ባሌ ተራራ ላይ ከ3,400 ሜትር በላይ በሚገኘው ፍንጫ ሃበራ ዋሻ ሰው ይኖር ነበር፣ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሰ ይበላ ነበር። ቆላው ሲጠብ ደጋ ላይ የኖሩም ነበሩ ማለት ነው።

መልስ 20 የመጣው ከያቤሎ ነው። ሁላችንንም ቆጣ ብሎ ነው የጀመረው፣ እናንተ ስለ ሺህና ስለ መቶ ትከራከራላችሁ፣ እኛ ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው 5 የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀርቶብን ምን እንደሆንን ታውቃላችሁ ወይ አለ። የአባቱ ከብት ከ40 በላይ ነበር፣ 3 ቀረ። የመጨረሻዋን ላም አራት ሆነው በገመድ ሊያነሷት ሲታገሉ እጁ ላይ ሞተች። 20 ዓመት የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ እንዳነበበውና ከብት ይዞ 20 ዓመት የሚያልፍ ሰው ሊታየው እንዳልቻለ ጻፈ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፣ የኛ 5 ወቅት በዚያ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል ይሆናል?

መልስ 21 ላይ ልጅቷ አሰላችለት። 290 ሜትሩን ለ620,000 ዓመት ብናካፍለው በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም፣ በእርግጥ አማካይ ነው፣ ታችኛው ተጠቅጥቋል፣ ላይኛው ላላ ያለ ነው። በዚያ ስሌት 80 ዓመት 4 ሴንቲሜትር አይሞላም፣ 20 ዓመት ደግሞ የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት ነው። የእናንተ ሁለት ዓመት ተኩል ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ እሱንም ጭቃው ሲሰነጠቅና ትል ሲያተራምሰው ከላይና ከታቹ ጋር ሊቀላቀል ይችላል፣ ብቻውን ላይታይ ይችላል። ይሄን ስትጽፍለት ይቅርታ ጠይቃ ነው።

ያቤሎው ልጅ ከሥሯ መለሰላት፣ ቁጥር አልተሰጠውም እንጂ እኔ እንደ መልስ ነው የምቆጥረው። ቁጣው በርዶ ነበር። በእነሱ በኩል ያለው ቱላ ዔላ፣ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ መሆኑ ነው፣ በስንት ሰው ቅብብል ውሃ እንደሚወጣበት ነው ጥልቀቱ የሚነገረው፣ ወደ ውስጥ ስትወርዱ ግድግዳው ላይ ነጭና ቡናማ መስመር ይታያል፣ እሱ በልጅነቱ ባልዲ እያቀበለ ሲዘፍን ፊቱ ፊት ለፊት የነበረው መስመር የት ጋ እንደሆነ እስካሁን ያስታውሰዋል። መስመሩ የውሃ ደለል ይሁን ሌላ ነገር እንድታይለት ጠየቃት። ልጅቷም ፎቶ ሲያነሳ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም እጁን እንዲያስቀምጥ፣ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ እንዲያነሳ ነገረችው። አሁን ዔላው በከብት የተጨናነቀ ስለሆነ አይመችም፣ ዝናቡ ከያዘና ከብቱ ኩሬ ላይ መጠጣት ከጀመረ ይወርዳል፣ ፎቶውን እዚሁ ይለጥፈዋል።